የመንገድ ቀን ክኒን

አባባ ማበጥ ሲጀምሩ ሰፈሩ በሙሉ ማሻአላህ አላቸው። ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት ነው። ዕድሜያቸውን ሁሉ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ቀጭን ሰው፣ ድንገት ፊታቸው ሞላ፣ ቀበቷቸው አልደርስ አለ፣ ጫማቸው ጠበበ። የሚያውቃቸው ሁሉ መንገድ ላይ እያስቆመ ጡረታ ተስማማዎት፣ አሁን ገና ሰው መሰሉ ይላቸዋል። እሳቸውም አልሐምዱሊላህ እያሉ ሆዳቸውን ይዳብሳሉ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ምግባቸውን የምሠራው እኔ ስለነበርኩ፣ ምስጋናውን ጥቅልል አድርጌ ለራሴ ወስጄው ነበር።

የምሠራው ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ ጥራት ክፍል። ከማሽን የወጣውን ጨርቅ ከሥሩ መብራት በበራበት ጠረጴዛ ላይ እየሳብኩ የተበጠሰ ክር፣ የዘይት ጠብታ፣ የሳሳ ቦታ እፈልጋለሁ። ቀኑን ሙሉ እንከን ስፈልግ የምውል ሰው የአባቴን እግር ያየሁት ግን ከአምስት ወር በኋላ ነው፣ ያውም በአጋጣሚ። ከጁምዓ ሲመለሱ ካልሲያቸው አልወልቅ ብሏቸው ላግዛቸው ቁጭ አልኩ። ላስቲኩ ሥጋቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ በአውራ ጣቴ ጫን አደረግኩት፤ ጣቴን ሳነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ሁለታችንም ጉድጓዱን አየነው። ይሄማ ውፍረት አይደለም አልኩ። ታዲያ ምንድን ነው አሉኝ። እኔ ምን አውቄ።

መጀመሪያ የሄድንበት የሰፈር ክሊኒክ ስኳር አለብዎት አለ፣ ቀጥሎ ግፊትም አለ፣ ለልቡ ግን ደሴ ውጡ አለን። ወጣን። ደሴ ላይ አንድ ጠባብ ጨለማ ክፍል ውስጥ ደረታቸውን ቀዝቃዛ ነገር ቀብተው ልባቸውን በስክሪን አሳዩን። ያየነው ዶክተር ወጣት ነው፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይርቅም። ልብዎ ሰፍቷል፣ ደምን መግፋት ደክሞታል፣ የማይገፋው ውሃ እግርዎና ሳንባዎ ውስጥ ይጠራቀማል ብሎ አስረዳቸው። አባባ በጥሞና አዳምጠው ሲያበቁ፣ ችግሩ ራዲያተሩ ነው ወይስ ፓምፑ ብለው ጠየቁት። ፓምፑ ነው አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይወዳቸው አልቀረም።

እኔ ያን ጊዜ ብዙም አልተሰማኝም። የእናቴ ሕመም ረጅም ነበርና እሱ ሲያልቅ የሆነ ነገሬ አብሮ ያለቀ ይመስለኛል። ዶክተሩ ሲናገር የማስበው፣ ከመናኸሪያው የመጨረሻው መኪና ሳይሄድብን እንደርስ ይሆን የሚለውን ብቻ ነበር። የሰጠንን ወረቀት አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ መድኃኒቱን ፒያሳ ካለ ፋርማሲ ገዛሁ፣ ወደ ቤት ወረድን።

መድኃኒቱ አምስት ዓይነት ነው። አራቱ ዝምተኞች ናቸው፤ ተውጠው የሚሠሩትን ይሠራሉ፣ ማንም አያውቅባቸውም። አምስተኛዋ ትንሽ ነጭ ክኒን ናት፣ ውሃውን የምታወጣው። የሽንት ክኒን እንላት ነበር። እሷ በተዋጠች በግማሽ ሰዓት ውስጥ አባባ ሽንት ቤት መመላለስ ይጀምራሉ፣ እስከ እኩለ ቀን ድረስም አይቀመጡም። ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት አምስቱንም መዳፋቸው ላይ አስቀምጬ፣ ሲውጡ አይቼ እወጣለሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቀበቷቸው ደረሰ፣ ደረጃ ሲወጡ መቆም ተዉ፣ በሦስት ትራስ ይተኙ የነበሩት በአንድ ተኙ። ሰፈሩ ደግሞ ተሰብስቦ፣ ምነው ከሱ፣ ይህቺ ልጅ አታበላቸውም እንዴ ማለት ጀመረ። ሰው መቼም አይሞላለት።

የመጀመሪያው ቀጠሯችን ቀን፣ አደራ እንደማታጓድል ልጅ፣ ጠዋት አምስቱንም ክኒን አስውጬ ሚኒባስ ውስጥ አስገባኋቸው። ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው፤ ለካ የሽንት ክኒን መንገድ አትወድም። የሐረጎን ዳገት መውጣት ስንጀምር አባባ ጉልበታቸውን ገጠሙ። ትንሽ ቆይተው ከፊታቸው ያለውን ወንበር ያዙ። ቀጥሎ ለረዳቱ ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር ነገሩት፤ መኪናው ቆመ። የውሃ ጠርሙሳቸውን ይዘው ወርደው ከባሕር ዛፎቹ ኋላ ቁጢጥ አሉ። የልብ በሽተኛ ቁጢጥ ብሎ መነሳት እንዴት እንደሚከብደው ያን ጊዜ አላውቅም ነበር፤ በጣም ቆዩ። ተመልሰው ገቡ፣ ይቅርታ ጎበዝ አሉ፣ መኪናው ተነሳ። ሦስትም ኩርባ ሳንሄድ እንደገና አስቆሙ።

ሁለተኛው ላይ ሰው አጉረመረመ። ከኋላ አንድ ሰውዬ፣ ሽማግሌ ይዞ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ አያስብም እንዴ አለ። ሳቅ ያለም ነበር። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አባባ ሲመለሱ ሱሪያቸው ላይ፣ ከጉልበታቸው ከፍ ብሎ፣ መዳፍ የሚያህል እርጥበት ነበር፤ የሸሚዛቸውን ቁልፍም አዛንፈው ቆልፈውታል። አጠገቤ ሊቀመጡ ሲመጡ እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። የማላውቃቸው ሰው አደረግኳቸው። ደሴ እስክንገባ ድረስ ፊቴን አልመለስኩም፤ ጉሙን ሳይ ሄድኩ።

ደሴ ስንደርስ መስጊድ ገብተው ሱሪያቸውን አጥበው፣ እርጥቡን እንደለበሱ ወጡ። የደሴን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዶክተሩ መዘናቸው፣ እግራቸውን ጫን ጫን አደረገና በጣም ጥሩ ነው፣ ይህቺ አንድ ክኒን በቂያቸው ናት፣ እንዳትቋረጥ አለን።

ሁለተኛው ቀጠሮ ሲደርስ፣ ክኒኖቹን መዳፋቸው ላይ ሳስቀምጥ አባባ ነጯን ለይተው በሁለት ጣታቸው አንስተው መለሱልኝ።

«የመንገድ ቀን ይህቺን አልውጣትም» አሉ። «ሠላሳ ዓመት በዚህ መንገድ ላይ የነዳሁ ሰው ነኝ። አሁን በስተርጅና ለሽንቴ ብዬ የሰው መኪና አላስቆምም። ሾፌር ነኝ እኮ።»

እንዳሉ ይሁን አልኳቸው። ደስ አለኝ፣ እፎይ አልኩ፣ ይህን ሳልሸፋፍን ልናገረው። የአንድ ቀን ክኒን ምን ያደርጋል ብዬ ነጯን ወደ ማሸጊያዋ መለስኳት። በገዛ እጄ።

አንዱ ቀን ግን አንድ ሆኖ አልቀረም። የደም ምርመራው ገና በማለዳ፣ ምግብ ሳይቀመስ ስለሆነ ከዋዜማው መውጣት ነበረብን። የምናድረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር፣ ከአክስቴ ቤት ነው፣ የአባባ ታናሽ እህት ናት። ግቢው የስድስት ቤት ግቢ ነው፤ ሽንት ቤቱ ከታች ነው፣ የሚወረደው በድንጋይ ደረጃ ነው፣ ቁልፉ ደግሞ በሩ ላይ ምስማር ላይ ተሰቅሎ በተራ ይወሰዳል። ስለዚህ ነጯ ክኒን የምንወጣበት ቀን ተዘለለች፣ የቀጠሮው ቀን ተዘለለች። በኋላ ደግሞ አባባ፣ ሰውነቴ ውስጥ ያለው ርዝራዥ እንዳያስቸግረኝ ብለው ከዋዜማው በፊት ያለውንም ቀን ጨመሩበት። ሦስት ቀን ሆነ። እሺ አልኩ።

አክስቴ ቤት እንግዳ በአልጫ አይሸኝም። ለወንድሟ ቋንጣ ታወርዳለች፣ ጨው አትቆጥብም። ለልብ በሽተኛ ጨው አይሆንም ተብሏል ስላት ቅር ይላታል፤ ወንድሜ ቤቴ መጥቶ የሆስፒታል ምግብ ሊበላ ነው ትላለች። ደግሞ ተጫዋች ናት። ማታ አባባ ለምን ክኒኗን እንደማይውጡ ስነግራት ሳቀች፤ ይሄ ወንድሜ ለእያንዳንዱ ቁጥቋጦ መኪና ያቆም የነበረ ሰው ነው፣ እሱ የነዳው አውቶቡስ ላይ የተሳፈረን ሰው ማንም ምሳ አዘጋጅቶ አይጠብቀውም ነበር አለች። አባባ ዝም በይ አንቺ አሏት፣ ቆጣ ብለው። ስታሾፍባቸው መስሎኝ እኔም አብሬያት ሳቅኩ።

እንግዲህ ዶክተሩ ፊት የሚቀርቡት ሰውዬ ሦስት ቀን ውሃቸው ያልወጣ፣ በጨው የከረሙ ሰው ናቸው። ሚዛኑ ላይ ሲወጡ አራት ኪሎ ጨምረዋል። እግራቸው ተጭኖ ይጎደጉዳል። ስኳሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አባባ ዶክተሩ እንዳይቀየም ብለው ከቀጠሮ በፊት ዳቦም ስኳር ያለው ሻይም እርም ይላሉ፣ የልብስ ሳጥናቸውን ከፍተው ንጹሕ ሸሚዝ እንደሚያወጡት ሁሉ ለሐኪም ንጹሕ ደም ይዘው መቅረብ ይፈልጋሉ። ከቀጠሮ በተመለስን ማግስት ዳቦውም ሻዩም ይመለሳል። ስኳራቸው ካለው በታች፣ ውሃቸው ካለው በላይ ሆኖ ይታያል። ዶክተሩ የሚያየው ሰውዬ ሌላ ነው፣ ኮምቦልቻ ከእኔ ጋር የሚኖሩት ሌላ።

ዶክተሩ ሁልጊዜ ይጠይቃል። መድኃኒቱን በትክክል ይወስዳሉ ወይ ይላል። አባባ እኔን ያያሉ። እኔ አዎ እላለሁ፣ በእጄ ነው የምሰጣቸው እላለሁ። ይህም ውሸት አይደለም፣ ብዙውን ቀን። ዶክተሩ ካርዱ ላይ ይጽፋል፤ አንዷ ክኒን ሁለት ሆነች። በሚቀጥለው ቀጠሮ አሁንም አብጠው ቀረቡ፤ ሁለቱ ሦስት ሆኑ። ሰውየው ሰነፍ አይደለም። ኮሪደሩ በሰው ታጭቋል፣ ከፊቱ የቆመው በሽተኛ አብጧል፣ ልጁ አዎ ትላለች። ምን ያድርግ።

ለምን አልነገርኩትም? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አንዱ፣ ይቆጣናል ብዬ ነው። ሌላው ግን፣ ለምን ዘለላችሁ ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰውን ስለማላውቅ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ሰው ስላየን ልለው ነው? አፌ አልደፈረም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ምንም ነገር አጥብቄ አልይዝም ነበር። ሥራ እሄዳለሁ፣ ጨርቅ እስባለሁ፣ ክኒን እቆጥራለሁ፣ እተኛለሁ። ነገሮች ከመስታወት ወዲያ የሚሆኑ ይመስሉኝ ነበር።

በኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ሦስት ክኒን በየቀኑ መዋጥ ምን እንደሆነ ማየት ነበረብኝ። አባባ ደረቁ። ምላሳቸው ከላንቃቸው ጋር እየተጣበቀ ሲናገሩ ይሰማል። ሌሊት ባታቸውን ቁርጥማት ይይዘዋል። ከተቀመጡበት ሲነሱ ግድግዳ ይዘው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሁለት ብቻ ቢያደርጉትስ ብላቸው፣ ሐኪም ያዘዘውን እኔ ልቀንስ እንዴ ብለው ገሠጹኝ። የመንገድ ቀን ሦስት ቀን የሚዘልሉት ሰው፣ ቤታቸው ሲገቡ ከትዕዛዝ ዝንፍ አይሉም። ነገሩ ያስቃል፣ ግን ማናችንም አልሳቅንም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ፋብሪካው ውስጥ ስልኬ ጠራ። የጎረቤታችን ድምፅ ነው። አባትሽ ዙህር እየሰገዱ ከሱጁድ ቀና ሲሉ ወደቁ፣ ቶሎ ነይ አለችኝ። እሺ አልኳት። ስልኩን ኪሴ ከትቼ የጀመርኩትን ጥቅል ጨርቅ እስከ መጨረሻው ስቤ ጨረስኩት። ሁለት ቦታ የሳሳ አገኘሁ፣ በጠመኔ ምልክት አደረግኩበት። ከዚያ ነው የተነሳሁት። ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አንዳንድ ጊዜ ጨርቅ ስስብ ያ ጥቅል ይመጣብኛል።

ኮምቦልቻ ላይ ግሉኮስ ሰክተው በአምቡላንስ ወደ ደሴ ላኩን። አባባ ዓይናቸውን አይገልጡም። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ እጃቸውን ይዣለሁ፣ ቆዳቸውን ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ተነስቶ ይቆያል። ሐረጎን አለፍነው። ያን ቀን መኪናው የትም አልቆመም።

አመሻሽ ላይ ያው ዶክተራችን አልጋ ክፍል መጣ። ካርዱን ይዟል፣ የደም ውጤቱን ይዟል። ኩላሊታቸው ተጎድቷል አለኝ፤ ውሃ አጥተው ነው። ካርዱን ገለጥ ገለጥ አደረገ። ግራ ገብቶታል። እኚህ ሰው እኔ ጋ ሲመጡ ሁልጊዜ እንዳበጡ ነው፣ አሁን ምን ሆነው ነው እንዲህ የደረቁት፣ ተቅማጥ ነበረባቸው ወይ፣ አስመለሳቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩ። አባባ ግሉኮሱ እየገባላቸው ተኝተዋል። ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ዝም ካልኩ ደግሞ ድነው ሲወጡ እንደገና ያው ቀጠሮ፣ ያው ሦስት ቀን፣ ያው ጭማሪ እንደሚመጣ ታየኝ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ከወደቁ እንደማይነሱም ገባኝ።

«ለቀጠሮ ስንመጣ የሽንቱን ክኒን አይወስዱም» አልኩት።

«ስንት ቀን?»

«ሦስት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሁለተኛው ቀጠሮ። መኪና ማስቆም ስለማይፈልጉ ነው።»

ዶክተሩ ባዶው አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። የገዛ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች በጣቱ እየተከተለ አየው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«የሳቸውን ልብ ሳይሆን መንገዱን ነዋ ሳክም የኖርኩት» አለ።

አልተቆጣም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። የመንገድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከደረሱበት ቤት አረፍ ሲሉ መዋጥ ይችሉ ነበር፣ ይህን እኮ ብትጠይቂኝ በአንድ ቃል እነግርሽ ነበር አለኝ። አዎ አልኩ። እውነቱን ነው፣ አንድ ቃል ነበር። እሱም እንዲህ ነው ብሎ ሳይነግረን ቀረ፣ እኔም ሳልጠይቅ ቀረሁ። ይመለሳል ወይ ብዬ ስለ ኩላሊታቸው ጠየቅኩት። ከፊሉ ይመለሳል፣ ከፊሉ ግን ላይመለስ ይችላል አለኝ። የማይመለሰው ስንት እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ስምንት ቀን ተኙ። አክስቴ ጨው የሌለው ሾርባ እያመጣች፣ እያለቀሰችም ታበላቸው ነበር። እኔ አላለቀስኩም። ሽንታቸውን በፕላስቲክ ዕቃ እየለካሁ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፣ ነርሷ ስትመጣ አሳያታለሁ፤ ሥራ ስለሆነ ተመችቶኝ ነበር። በስተመጨረሻ ዶክተሩ አባባን ቁጭ አድርጎ አዲሱን ነገር አስረዳቸው። ክኒኗ ወደ አንድ ተመልሳለች። ሚዛን ገዝታችሁ በየጠዋቱ ትመዘናላችሁ፣ ሁለት ኪሎ በድንገት ከጨመሩ ትደውሉልኛላችሁ፣ የመንገድ ቀን ሲደርሱ ትዋጣለች፣ ስኳሩንም ለእኔ ብለው አያስተካክሉ፣ እንዳለ ያምጡልኝ አላቸው። ከፍቶት እንደነበር ከድምፁ ያስታውቃል። አባባ እጁን ያዙት።

«አብሽር ልጄ» አሉት። «አንተ ምን አጠፋህ።»

ወደ እኔ አላዩም።

በምንወጣበት ቀን ነርሷ እንደ ልማዷ የጠዋቱን መድኃኒት አስዋጠቻቸው፣ ነጯን ጭምር። ወረቀት እስኪያልቅ እስከ ቀትር እንቆያለን ብላ ነው፤ እኔም እንደዚያው አስቤ ነበር። ወረቀቱ ግን ያን ቀን ምን እንደነካው እንጃ በግማሽ ሰዓት አለቀ። በባጃጅ መናኸሪያ ደረስን፣ አንድ ሚኒባስ ሞልቶ ሁለት ሰው ሲጠራ አገኘነው፣ ገባን። ትዝ ያለኝ መኪናው ከከተማው ከወጣ በኋላ ነው። እኔ በመስኮቱ በኩል፣ አባባ በመተላለፊያው በኩል ተቀምጠናል። ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

ቁልቁለቱ ሲጀምር ጉልበታቸው ገጠመ። ፊት ለፊት ያያሉ። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ፣ በዚያ ብርድ። ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። አንድ ኩርባ ዞርን፣ ሌላ ዞርን። አይናገሩም። ይህ ሰውዬ ሱሪው ላይ ይለቃታል እንጂ አያስቆምም ብዬ በውስጤ ተናደድኩ። ይህ የሾፌር ኩራት ኩላሊቱን በልቶት እንኳ አልጠገበም አልኩ። ብዙ ጊዜ ምንም የማይሰማኝ ሴትዮ፣ ያን ጊዜ ተንገበገብኩ።

«ወራጅ አለ!» አልኩ።

ሁሉም ዞረ። ረዳቱ፣ እዚህ ጫካ ውስጥ የት ልትወርጂ ነው አለኝ። አባቴ ሽንታቸው መጥቷል፣ የልብ መድኃኒት ወስደው ነው፣ ትጠብቁናላችሁ አልኩት፣ መኪናው ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ። ቆመ። አንዲት ሴትዮ እግሯን ሰብስባ አሳለፈችን። ቀድሜ ወርጄ ትከሻዬን ሰጠኋቸው። ባሕር ዛፎቹ ጋ ወሰድኳቸው፣ ሻርፔን ገልጬ በሁለት እጄ ዘርግቼ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ቆምኩ። ቁጢጥ ሲሉ የጉልበታቸው አጥንት ሲንቋቋ ይሰማኛል። ጊዜ ወሰደ። ሚኒባሱ አንድ ጊዜ አጭር ጥሩንባ ነፋ። ይንፋ።

«ይሄ ሾፌር ሞተሩን ሳያጠፋ ነው የሚጠብቀን፣ ነዳጅ ይጨርሳል» አሉ ከኋላዬ። ቀጥለውም፣ «እኔ ስነዳ ለሽማግሌ ሞተር አጥፍቼ ነበር የምቆመው። ተረጋግቶ እንዲሸና።»

«ለማንም አላቆምም ነበር ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አልኳቸው።

«እንደዚያ አላልኩሽም። አላስቆምም ነው ያልኩሽ።»

«ያው ነው። በሾፌርነትዎ ኮርተው ነው እንጂ።»

ውሃ አቀብይኝ አሉኝ። ጠርሙሱን ሳልዞር ወደ ኋላ ሰጠኋቸው። ሲታጠቡ ይሰማል። ከዚያ ትከሻዬን ይዘው ተነሱ፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆመው ጠበቁ።

«ምን ሾፌርነት አለው» አሉ። «ያን ቀን ፊትሽን ወደ መስኮት ስታዞሪ አየሁሽ። ዳግመኛ አላሳፍራትም ብዬ ነው።»

ዞርኩ። ፊታቸው ላይ ወቀሳ የለም። የሸሚዛቸውን ቁልፍ እንደገና አዛንፈውታል። ሻርፔን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ቁልፎቹን ከላይ እስከ ታች ፈታሁና በየቦታቸው ቆለፍኳቸው። አባባ አልኩና ቆምኩ። እሳቸውም በይ ሰው አናስጠብቅ አሉኝ።

ስንገባ ያቺ ሴትዮ ለበሩ የሚቀርበውን ወንበሯን ለቅቃላቸዋለች። አላህ ይስጥሽ ብለው ተቀመጡ። እኔ ከኋላቸው ተቀመጥኩ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አላጉረመረመም፤ ቢያጉረመርሙም አልሰማሁም። አንድ የማውቀውን ነገር ደጋግሜ በልቤ እላለሁ፤ ኩላሊታቸውን የወሰደው መንገዱም ክኒኗም አይደለም፣ የእኔ ፊት ነው። ሁሉን ነገር ከመስታወት ወዲያ ሳይ የኖርኩ ሰው፣ ይህ ግን ደረቴ ላይ መጥቶ ቁጭ አለ፤ እስካሁንም አልተነሳም።

እስከ ታች ሌላ ሁለት ጊዜ አቆምን። ሁለቱንም እኔ ነኝ ወራጅ አለ ያልኩት። መስኮቱ በእኔ በኩል ነበር፣ ግን አላየሁበትም። ኮምቦልቻ እስክንደርስ ድረስ የአባቴን ማጅራት ሳይ ሄድኩ።